«ባልሽ ፈረንጅ ነው?» «አይ፣ ኬንያዊ ነው»

ቲክቶክ ላይ ያን ዓይነት ቪዲዮ ሳታዩ አትቀሩም። ነጭ ባል፣ አበሻ ሚስት፣ መሃል ላይ መሶብ። ባል እንጀራውን በሁለት እጁ ይዞ ይታገላል፣ ሚስት ትስቃለች፣ እናት ታጎርሳለች። ከታች ያለው አስተያየት በልብ ምልክት የተጥለቀለቀ ነው። «ታድለሽ» የሚለው ብቻ ስንት ነው! የውጭ ዜጋ አገባች ሲባል ብዙዎቻችን ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው ይኸው ነው።

የኔ ባል ኬንያዊ ነው። ከናይሮቢ በስተሰሜን፣ ኬንያ ተራራ አጠገብ ያለ ኒየሪ የሚባል አካባቢ ነው የተወለደው። አዲስ አበባ ተጋብተን ጥር ላይ ሰባት ዓመት ሞላን። የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለችን፤ የምንኖረውም እዚሁ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። «ታድለሽ» ያለኝ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። ይልቅ አክስቴ ያለችኝ ይህን ነው፦ «ለኬንያማ እዚሁ ምን ጠፋ?»

ለአክስቴ ነገሩ ግልጽ ነበር። የውጭ ሰው ካገቡ አይቀር የሚወስድ ነው መሆን ያለበት። አሜሪካ፣ ጀርመን፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ዱባይ። «የት ይወስድሻል?» ስትለኝ «የትም፣ እዚሁ ነን» አልኳት። ፊቷ ለቅሶ ቤት የገባች አስመሰላት። ጎረቤቶቻችንም የመጀመሪያውን ዓመት በሙሉ «በረራሽ መቼ ነው?» እያሉኝ ከረሙ። ከኛ አገር መሄድ እንጂ ወደኛ አገር ለመኖር መምጣት፣ ያውም ከአፍሪካ፣ አልዋጥ አላቸው። አንዳንዱማ «አፍሪካውያን እኮ...» ብሎ ይጀምርና እኛም እዚያው አህጉር ላይ መሆናችን ትዝ ሲለው ወሬውን ያጥፋል። የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ከተማ ይህን መስማት እኔን አሁንም ያስቀኛል። ሁልጊዜ ግን አያስቀኝም።

የተዋወቅነው ናይሮቢ ለሁለተኛ ዲግሪ በሄድኩበት ጊዜ ነው። እዚህ ለመኖር የወሰንነው ተነጋግረን ነው። እናቴ ብቻዋን ነበረች፣ የኔም ሥራ እዚህ ነው፣ እሱ ደግሞ የእንግሊዝኛ መምህር ስለሆነ የትም ይቀጠራል ብለን አሰብን። ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። የሁለቱ አገር ዜጎች ቪዛ አይጠያየቁም። ቅርብ ነው፣ ቀላል ነው አልን። ለመግባቱ ቀላል ነው፤ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው።

ከፈረንጅ ባል ጋር ያለው የመጀመሪያው ልዩነት ታክሲ ውስጥ ይጀምራል። ወያላው በአማርኛ ያዋራዋል። ባለቤቴ ካልገባው ዝም ይላል። ያኔ «ምን ይኮራል!» ይባላል። ነጭ ቢሆን አማርኛ ባለመቻሉ ማንም አይቀየመውም፤ እንዲያውም «ሰላም ነው» ካለ ይጨበጨብለታል። የኔው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ተምሮ፣ ዓረፍተ ነገሩን አስተካክሎ ሲናገር ማንም አያጨበጭብለትም። የሚቀርብለት ጥያቄ «ከየት ነህ? ከጋምቤላ?» የሚል ነው። አንዴ አንድ ባንክ ውስጥ ፓስፖርቱን ሲያወጣ ሠራተኛዋ «መታወቂያህን ስጠኝ» አለችው። የውጭ ዜጋ ነኝ ቢላት «ኧረ አትቀልድ» ብላ ሳቀችበት። እሱ ግድ አይሰጠውም፣ ኬንያዊ ነኝ ብሎ ይገላገላል። እኔን የሚያሳስበኝ የጋምቤላው ሰው ነው። በገዛ አገሩ ዋና ከተማ በቀን ስንት ጊዜ «ከየት ነህ?» ይባል ይሆን?

ጥቅምም አለው፣ አልዋሽም። መርካቶ ውስጥ አፉን እስካልከፈተ ድረስ ለሱም የሚጠራለት የኛው ዋጋ ነው። እኔ እከራከራለሁ፣ እሱ ከኋላዬ ቆሞ ግንባሩን ይቋጥራል፤ ጥሩ ቡድን ነን። ሙዚየም ስንሄድ ግን የዜጋና የውጭ ዜጋ ትኬት ይለያያልና ለአንድ ቤተሰብ ሁለት ዓይነት ትኬት እንቆርጣለን።

ደግሞ ያልጠበቅነው መመሳሰል አለ። የኛ ሰዓት አቆጣጠር ፈረንጁን ሁሉ ያደናግራል አይደል? ባለቤቴ በመጀመሪያው ቀን ነው የገባው። ስዋሂሊም እንደኛው ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋት አንድ ሰዓትን «ሳ ሞጃ» ይሉታል፣ ሰዓት አንድ እንደማለት ነው። ስልካቸው ሰባት ይላል፣ አፋቸው አንድ ይላል። ስኳርን «ሱካሪ»፣ ሳሙናን «ሳቡኒ»፣ ሚዛንን «ሚዛኒ» ሲል እናቴ «ይኸ ልጅ አማርኛ እየሰበረ ነው ወይስ የራሱ ቋንቋ ነው?» ትላለች። የማንስማማው «እልፍ» ላይ ነው። የኛ እልፍ አሥር ሺህ ነው፣ የነሱ «ኤልፉ» አንድ ሺህ። ስለዚህ «እልፍ ጊዜ ነግሬሃለሁ» ስለው ዘጠኙን ሺህ ሳይሰማ ያልፋል።

ቡና ላይ ግን እናቴ ይቅር ልትለው ብዙ ጊዜ ፈጀባት። አባቱ ቡና ገበሬ ነው። ባለቤቴ በልጅነቱ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ቀይ ቡና ይለቅም ነበር። ቤታቸው የሚጠጣው ግን በወተት የተፈላ ሻይ ነው። ቡናው ወደ ውጭ ይሄዳል። እኛ ከምናመርተው ግማሽ ያህሉን እዚሁ ስለምንጠጣው እናቴ ይህን ማመን አቃታት። «ቡና እየለቀመ ያደገ ሰው ቡና አያውቅም? ምን ዓይነት ግፍ ነው!» አለች። ከአቦል እስከ በረካ አስቀምጣ አጠጣችው። ያን ሌሊት አልተኛም። አሁን እሷው «ቀንስ እንጂ» ትለዋለች።

ስለ ሽምግልናው ልንገራችሁ። በኛ ወግ የወንዱ ወገን ሽማግሌ ይልካል። እሱ እዚህ ዘመድ የለውም፤ የሥራ ባልደረቦቹን ለምኖ ሦስት ሰው ላከ፣ ያም በሰላም አለቀ። ከዚያ የነሱ ወግ መጣ። ኪኩዩዎች «ሩራሺዮ» የሚሉት አለ፤ የሁለቱ ቤተሰብ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ወንዱ ለሴቷ ወገን የሚሰጠውን ፍየል የሚነጋገሩበት ነው። አባቱ በስልክ ስንት ፍየል እንደምንፈልግ ሲጠይቁ እናቴ ስልኩን ለኔ ወረወረችው። «ልጄን በፍየል ልሸጥ?»

ሽያጭ እንዳልሆነ ለማስረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብን። ለነሱ ምንም ሳይሰጡ ሚስት መውሰድ ነው ንቀቱ። የሩራሺዮ ዕዳ ደግሞ ተከፍሎ አያልቅም ይባላል፤ ሁለቱ ቤተሰብ እስከ መጨረሻው እንዲጠያየቅ ነው ነገሩ። «እንደ ጥሎሽ በይው እማዬ» አልኳት። በመጨረሻ ለዘብ አለችና «እንግዲያው ፍየሎቹ እዚያው ይርቡልኝ» አለች። ሲተረጎምላቸው አማቴ ሳቁ፤ ቀልድ ግን አላደረጉትም። እውነት ለይተው አስቀመጡላት። ይኸው እስከ ዛሬ በየበዓሉ ሲደውሉ የፍየሎቿን ብዛት ይነግሯታል። ባለፈው አሥራ አንድ ደርሰዋል።

ወረቀቱ እንደ ፍየሉ አያስቅም። እዚህ ከውጭ ዜጋ ጋር በሕግ ለመጋባት የሱ ፓስፖርት፣ እንዳላገባ የሚገልጽ በኤምባሲውና በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል የተረጋገጠ ሰነድ፣ ከኔ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ አስፈልጎናል። ይህን ያሰበ ካላችሁ ከሠርግ አዳራሹ በፊት ከዚህ ጀምሩ። ሰርተፍኬታችን ላይ የሠፈረው ዘመን ደግሞ 2011 ነው፤ በነሱ አቆጣጠር 2019 መሆኑ ነው። ኒየሪ ያለ አጎቱ ፎቶውን በዋትስአፕ ሲያይ «ስምንት ዓመት ደብቃችሁን ነበር?» ብሎ ጻፈልን።

ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በጣም የገረመው ብር በጥቅል ይዘን መዞራችን ነው። እነሱ ኤም ፔሳን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ ኒየሪ ገበያ ላይ ዶሮ የምትሸጥ ሴት እንኳ በስልክ ትቀበላለች። እዚህ ቴሌብር የመጣው በ2013 ዓ.ም. ነው። ሲጀመር ሠፈር ውስጥ ለአሮጊቶቹ አጠቃቀሙን ያሳይ የነበረው እሱ ነው። በተሰባበረ አማርኛ «እማማ፣ ሚስጥር ቁጥር ለማንም አይንገሩ» ሲል አስቡት። ከሰው ያስተዋወቀው ከኔ ይልቅ ይኸ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

እድር የገባንበትም ቀን እንዲሁ ነው። የሠፈራችን እድር ውስጥ አባል የሚሆነው ቤተሰብ ነው፣ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ደግሞ አባወራው። አባወራው የውጭ ዜጋ ሲሆንስ? ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሣ። «አገሩ ቢገባ መዋጮው ምን ይሆናል?» ያሉ ነበሩ። አንድ አዛውንት ተነሥተው «ባለፈው ወር ቀብር ላይ አካፋ ይዞ ሲቆፍር አይተነዋል። ሌላ ምን ፓስፖርት ልንጠይቀው ነው?» አሉ። ተጻፈ። ስሙን ለመጻፍ ጸሐፊው ሦስት ጊዜ ደልዘዋል።

እንግዲህ ሠፈሩ ይህን ያህል ሄዷል። ሕጉ የት ድረስ እንደሚሄድ ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ቤታችን ውስጥ አሁን ያለው ጭንቀት እሱ ነው።

ድሮ ቢሆን የባሰ ነበር። የ1922ቱ የዜግነት ሕግ ኢትዮጵያዊ ወንድ የውጭ ሴት ሲያገባ እሷን ወዲያው ኢትዮጵያዊት ያደርጋታል። ኢትዮጵያዊት የውጭ ወንድ ስታገባና የባሏ አገር ሕግ ዜግነቱን ሲሰጣት ግን የራሷን ታጣለች። ሴት አያቴ እንደኔ ብታደርግ አደጋ ላይ የሚወድቀው የሷ ዜግነት ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ይህን ዘግቶታል፤ አንቀጽ 33 ወንድም ሆነ ሴት ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ በማግባት ዜግነቱን አያጣም ይላል። አንቀጽ 6 ደግሞ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። ስለዚህ ልጄ በኔ በኩል ኢትዮጵያዊት ናት፤ እንደ እናቴ ትውልድ ሴቶች አባቷን እየጠቀስኩ መለመን አይጠበቅብኝም።

ባለቤቴ ግን በወረቀት ዛሬም እንግዳ ነው። የሥራ ፈቃዱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለተወሰነ የሥራ ዓይነት ለሦስት ዓመት የሚሰጥ ነው፤ በየዓመቱ ደግሞ ይታደሳል። ትምህርት ቤቱ ቢዘጋ ወይ ሌላ ሙያ ልሞክር ቢል ፈቃዱም አብሮ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ቤታችንን በአንድ ላይ ከፍለን ነው የገዛነው፤ የቤተሰብ ሕጉም በጋብቻ ውስጥ የተፈራውን የጋራ ነው ይላል። ካርታው ላይ ያለው ስም ግን የኔ ብቻ ነው፤ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 390 የውጭ ዜጋ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ስለነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲስ አዋጅ በሩን ከፈት አድርጓል፤ የተከፈተው ግን ደህና ዶላር ይዞ ለመጣ ነው፣ እንደ ባለቤቴ በብር ደመወዝ ለሚያድር መምህር አይደለም። «ብንጣላ ታባሪኛለሽ» እያለ ይቀልዳል። ቀልድ ነው። ግን ደጋግሞ ነው የሚቀልደው።

ታዲያ ለምን ኢትዮጵያዊ አይሆንም? ይችላል እኮ። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ኢትዮጵያዊ ያገባ ሰው ጋብቻው ሁለት ዓመት ከሞላው፣ ከማመልከቱ በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት እዚህ ከኖረ መጠየቅ ይችላል። ይህን ካሟላ ዓመታት አልፈዋል። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ የቀድሞ ዜግነቱን መልቀቅ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም።

የሚገርመው የኔ በር ደግሞ በዚያ በኩል ተከፍቷል። የኬንያ ሕገ መንግሥት ኬንያዊ አግብቶ ሰባት ዓመት የሞላው ሰው አመልክቶ ዜጋ ሆኖ መመዝገብ ይችላል ይላል። ጥር ላይ ሰባት ሞላን ብዬ የለ? ኬንያ ጥምር ዜግነትን ስለምትቀበል እነሱ የኔን አይነኩብኝም። የኬንያን በያዝኩ ጊዜ የሚሰረዘው በኛው ሕግ ነው። የእኔን ለመጠበቅ የሱን እንግድነት መቀበል አለብን፤ የሱን እንግድነት ለማስቀረት እሱ ኬንያዊነቱን መጣል አለበት። ሰባት ዓመት ሙሉ ስንዞርበት የኖርነው ይኸን ነው።

«ወረቀት ነው፣ ልቀቀው በቃ» የሚሉን ጓደኞች አሉ። እኔም አንድ ሰሞን እንደዚያ ሳስብ ነበር። የኬንያው ሕገ መንግሥት ግን አንድ ሌላ አንቀጽ አለው፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት በሊዝ ብቻ፣ ያውም ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ ነው የሚይዘው። ባለቤቴ ኬንያዊነቱን ከለቀቀ አባቱ የተከሉት የቡና ማሳ ላይ እንደማንኛውም የውጭ ዜጋ ነው የሚቆጠረው። አያቱ የተቀበሩት እዚያው ማሳ ዳር ነው። ይህን ለሰው ወረቀት ነው ልቀቀው ማለት አልቻልኩም፤ እኔም ብሆን አልለቅም።

ከሁላችን የምትጠነክረው ጉዳይ የልጅቷ ናት። በኪኩዩ ወግ የመጀመሪያ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወርሳለች። በኛ ወግ ደግሞ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ስለዚህ ሙሉ ስሟ ውስጥ አማርኛ የለም፤ ያለችው የክርስትና ስሟ ብቻ ናት፣ እሷንም በሰማንያ ቀኗ እናቴ ታግላ ያገኘቻት ናት። ባለቤቴ ፕሮቴስታንት ስለሆነ ያ ሳምንት ቀላል አልነበረም፣ እለፉኝ።

በስም ሁለት፣ በደም ሁለት ናት፤ በሕግም እስካሁን ሁለት ናት። የኬንያ ሕግ አባቷ ኬንያዊ ስለሆነ የትም ብትወለድ ዜጋዬ ናት ይላል። የኛው አዋጅ አንቀጽ 20 ደግሞ ከውጭ ዜጋ ወላጅ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። ልብ በሉ፣ ዝም ማለት ራሱ መልስ ነው። ከውጭ ዜጋ የወለዳችሁ፣ ወይም እናንተው ከሁለት አገር የተወለዳችሁና አሥራ ስምንት ዓመት የደረሳችሁ ካላችሁ ይህችን አንቀጽ አንብቧት። ብዙ ሰው አያውቃትም።

የኛዋ አሥራ ስምንት የሚሞላት በ2031 ዓ.ም. ነው። አሁን የምታውቀው እዚህ አያቷ ቡና እንደሚያፈሉ፣ እዚያ አያቷ ቡና እንደሚተክሉ ነው። ባለፈው አዲሱ መዋዕለ ሕፃናት «አገርሽ የት ነው?» ቢሏት «አራተኛ ፎቅ» አለች አሉ።

ባለቤቴ የዜግነት ማመልከቻ አልጻፈም፣ አይጽፍም፤ በዚህ ተስማምተናል። የሥራ ፈቃዱ ይታደሳል፣ እኔም ካርታው ላይ ብቻዬን እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ሕጉ ይሻሻል ይሆናል፤ ዳያስፖራው ስለ ጥምር ዜግነት ሲጮህ እኛም ከዚህ ከኮንዶሚኒየሙ አብረን እንጮሃለን። የዳያስፖራ ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ይምጣና ቤታችንን ይይ።

አባቱ በመጪው ታኅሣሥ፣ በፈረንጆቹ ገና፣ ልጆቻቸውን ሰብስበው ማሳውን ሊያካፍሉ ነው። ለሱም ድርሻ አለው። ቦታው ይታወቃል፣ ከወንዙ በላይ ያለው ነው። የሦስታችንን ትኬት ዋጋ ማየት ጀምረናል። እናቴ በስድሳ ስምንት ዓመቷ የመጀመሪያ ፓስፖርቷን ለማውጣት ቀጠሮ ይዛለች። ለምን ብትሏት ፍየሎቿን ልትቆጥር ነው።